ባለ ባርኔጣው ፈረሰኛ

በግራና ሜዳ ላይ ፈረስ ማየት ብርቅ ነገር ነው። አገሩ ቆላ በመሆኑ ጭነት የሚያመላልሱት አህያና ግመል ናቸው፤ የመስኖው ሽንኩርት ወደ መርሳ የሚወጣውም በመኪና ነው። ፈረስ ከደጋው ወደ እኛ የሚወርደው ለሠርግ ወይም ለበዓል ነው፤ ያውም ሕፃናቱ እየተከተሉ የሚሮጡለት እንግዳ ሆኖ። ስለዚህ ከዐሥር ዓመት በፊት በዚህችው ከተማ ተቀምጠን በወረቀት ላይ ፈረስ በሣልን ጊዜ፥ አብነት ያደረግነው የአገራችንን ፈረስ ሳይሆን፥ በልጅነታችን በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተኮራምተን የተመለከትነውን የአሜሪካን ፈረስ ነበር። በፈረሱም ላይ ሰፊ ባርኔጣ የደፋ፥ ሽጉጥ በወገቡ የታጠቀ፥ የገመድ ሸምቀቆ በእጁ የያዘ ካውቦይ አስቀመጥን። ፊቱ ግን የአለቃችን ፊት ነበር።

በዚያን ጊዜ እንሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደ ሆነ መናገር ለጉዳዩ አይጠቅምምና እናልፈዋለን። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ችኩል ነበሩ እንጂ። ባለጉዳይ ሰላምታውን ሳይጨርስ ይፈርዱበታል፤ ማመልከቻውን ገልጠው ሳያዩ «አይቻልም» ብለው ይጽፉበታል። የቆላውንም ፀሐይ ስለሚፈሩ ከቤት ውስጥ እንኳ የማያወልቁት ሰፊ ባርኔጣ ነበራቸው። ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም. ክረምት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ባለጉዳዩን ሁሉ በየቤቱ ስላስቀረው ሥራ ፈታንና በአሮጌ ቅጽ ጀርባ ላይ ሣልናቸው። በሸምቀቆው የሚያጠምዱትም ወይፈን ሳይሆን ማመልከቻውን ጨብጦ የሚሸሽ ባላገር ነበር። ሦስት ጊዜ አበላሽተን በአራተኛው ተሳካልን። ሥዕሉን በመሳቢያችን አኖርነው፤ መሳቢያው ግን ቁልፍ አልነበረውም። በማግስቱ ስንገባ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ አገኘነው። ማን እንደ ለጠፈው እስከ ዛሬ አላወቅንም።

አለቃችን በሰሌዳው ፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። እኛ በመስኮት በኩል እያየን ጉልበታችን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሹሙ ግን ፈገግ አሉ። «በፈረስ አስቀምጠውኛል!» ብለው ወረቀቱን በጥንቃቄ ነቅለው ወሰዱት፤ በጠረጴዛቸውም መስተዋት ሥር አኖሩት። ሁለት ቀን ሙሉ ለገባው ባለጉዳይ ሁሉ ያሳዩት ነበር። ባላገሩ በገመድ መጠመዱን ልብ ያሉት አይመስለንም። ያዩት ፈረሱን ነው።

በሦስተኛው ቀን ከወልድያ የመጣ አንድ እንግዳ ሥዕሉን አይቶ «ይህስ ካውቦይ ነው» አለና ሳቀ። ሹሙም በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እንግሊዝኛ ያውቃሉ የምንባለውን እኛን አስጠርተው፥ «ካውቦይ ማለት በአማርኛ ምን ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁን። እዚህ ላይ አንባቢ ይፍረደን። «ፈረሰኛ» ልንል እንችል ነበር። «ጀግና» ብንልም ፈጽሞ ሐሰት ባልሆነ። እኛ ግን በፍርሃትም መካከል ዕውቀታችንን ለማሳየት ጓጓንና፥ «ካው ላም ነው፤ ቦይ ልጅ ወይም አሽከር ነው፤ ባንድነት ሲነገር ከብት ጠባቂ፥ እረኛ ማለት ይሆናል» ብለን አስረዳን። ፊታቸው ጠቆረ። «እረኛ?» አሉ። ሁለተኛ አልጠየቁንም።

በዚያው ዕለት ስብሰባ ተጠራ። ሥዕል የሚችል ማን ነው ሲባል ሁሉም አንድ ሰው ጠቆመ። ይኸውም በውል ተቀጥሮ የሚያገለግል፥ በትርፍ ሰዓቱ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ማስታወቂያ የሚጽፍ፥ ከደጋው የመጣ ወጣት ተላላኪ ነበር። «እኔ አይደለሁም» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። የአንድ ወር ደመወዙ ተይዞ ከሥራው እንዲሰናበት ተወሰነ። እኛ በዚያ ስብሰባ ላይ ምን እናደርግ ነበር ቢባል፥ ቃለ ጉባኤ እንጽፍ ነበር። ጽሕፈታችንም ቀጥ ያለና ስርዝ ድልዝ የሌለበት ነበር።

ልጁ ጥቂት ወራት ቆይቶ ብዙ የአካባቢያችን ወጣት በሚሄድበት መንገድ በአፋር በረሃና በባሕሩ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ተሻገረ ሲባል ሰማን።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሊለቀን አልቻለም። ያ ባርኔጣ ስድብ ነበር ወይስ ሙገሳ? የሠራነውን በደል ትተን ስለ ባርኔጣ መመራመራችን የሚያስቅ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሰው ፊት ለፊት ሊያየው የማይደፍረውን ነገር በጎን እያየ የሚዞረው አይደለምን? ስለዚህ ካውቦይ በአሜሪካን ጋዜጦች የስላቅ ሥዕል ውስጥ እንዴት እንደ ኖረ በየመጽሐፉና በየመጽሔቱ ስንፈልግ ዓመታት አሳለፍን። የዚያን አገር ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠራዋለን።

ካውቦይ በእውነቱ ለአለቃችን እንደ ተረጐምንላቸው ከብት ነጂ ነበር። የእርስ በርሱ ጦርነት በ1865 ካበቃ በኋላ የቴክሳስን መንጋ ወደ ካንሳስ የባቡር ጣቢያዎች ለመንዳት በወር ደመወዝ የሚቀጠር ወዛደር ነው። ገመድ አወራወሩንና የሙያውን ቃላት አብዛኛውን ያገኘው ከሜክሲኮ ከብት ነጂዎች ነበር፤ ከመካከላቸውም ጥቂት የማይባሉት ከባርነት የወጡ ጥቁሮች ነበሩ። በ1874 የፈጠራ መብት የተሰጠው ባለ እሾህ ሽቦ ሜዳውን በአጥር ሲከፋፍለው፥ የባቡሩም ሐዲድ ወደ መንጋው ሲቀርብ፥ የረጅሙ ጕዞ ዘመን ፈጥኖ አለፈ። ለአንድ ሰው የሥራ ዘመን እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው። በሥዕልና በሲኒማ የቀረው ግን ሌላ ሰው ነው። ይህኛው ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ ደመወዝ አይጠይቅም፤ መንጋም የለውም። እኛ በቪዲዮ ቤት ካየናቸው ካውቦዮች መካከል ላም ሲጠብቅ ያየነው አንድም አላስታወስንም።

ይህን ባርኔጣ በፕሬዚዳንት ራስ ላይ አጥብቆ ያስቀመጠው የቴዎዶር ሩዝቬልት ታሪክ ነው። ሩዝቬልት የኒው ዮርክ ባለጸጋ ልጅ ነበሩ። በ1884 እናታቸውና ሚስታቸው ባንድ ቀን ሞቱባቸውና ሐዘናቸውን ይዘው ወደ ዳኮታ በረሃ ሄዱ፤ በዚያም ከብት አርብተው ከከብት ነጂዎቹ ጋር ውለው አደሩ። መነጽር ያደርጉ ስለ ነበር «አራት ዐይኑ» እየተባሉ እንደ ተፌዘባቸው ራሳቸው ጽፈዋል። በ1898 ከከብት ነጂዎችና ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው የተውጣጣ ፈቃደኛ ጭፍራ ይዘው ወደ ኩባ ዘመቱ። ጭፍራው በፈረሰኛነቱ ስሙ የገነነ ይሁን እንጂ፥ ፈረሶቹ ከጥቂቶች በቀር በፍሎሪዳ ወደብ ስለ ቀሩ የተዋጋው በእግሩ ነው። በጋዜጣ ሥዕል ላይ ግን ማንም በእግሩ አልሄደም።

በመስከረም 1901 ፕሬዚዳንት ማኪንሊ ተገድለው ምክትላቸው ሩዝቬልት መንበሩን ሲይዙ፥ የፓርቲው ብርቱ ሰው የነበሩት ሴናተር ማርክ ሃና «ያ ካውቦይ ፕሬዚዳንት ሆነ» ብለው በምሬት መናገራቸው ይተረካል። ለእሳቸው ባርኔጣው የድንገተኛነትና የጥጋብ ምልክት ነው። ሕዝቡ ደግሞ ያንኑ ባርኔጣ ወደደው። ሰዓሊዎቹም ሁለቱንም ወገን ባንድ ሥዕል ያገለግሉ ጀመር፤ ባርኔጣ፥ መነጽር፥ ትልልቅ ጥርስ፤ ይህ ከተሣለ ስም መጻፍ አላስፈለገም። ክሊፎርድ ቤሪማን የተባለው ሰዓሊ በኅዳር 1902 በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ላይ፥ ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ውስጥ ለአደን ወጥተው የታሰረ ድብ አልተኩስም ማለታቸውን ሣለ። ከዚያ ሥዕል የተነሣ ዛሬ በዓለም ሁሉ ሕፃናት ታቅፈውት የሚተኙት የድብ አሻንጉሊት የእሳቸውን የቍልምጫ ስም ይዞ ቀረ።

ከእሳቸው በኋላ የመጡትን በፍጥነት እናልፋቸዋለን። የቴክሳሱን ሊንደን ጆንሰንን በቬትናም ጦርነት ዘመን በዚያው ባርኔጣ ሣሏቸው። በጀርመን አገር የተወለዱት ሄንሪ ኪሲንጀር በ1972 ኦሪያና ፋላቺ ለተባለችው ጣልያናዊት ጋዜጠኛ ራሳቸውን ብቻውን በፈረሱ ቀድሞ ከሚሄድ ካውቦይ ጋር አስተያይተው ተናገሩና መሣቂያ ሆኑ፤ ያንን ቃለ መጠይቅ በመስጠታቸውም ኋላ ተጸጽተዋል። ሮናልድ ሬገን ከፖለቲካው በፊት በሲኒማ ካውቦይ ሆነው ሠርተው ነበርና፥ ደጋፊዎቻቸውም ተቃዋሚዎቻቸውም ያንኑ ባርኔጣ አነሡላቸው። ጆርጅ ዳብልዩ ቡሽ በመስከረም 2001 የድሮውን የምዕራብ አገር የወንጀለኛ ማስታወቂያ የሚያስታውስ ቃል በተናገሩ ጊዜ የአውሮፓ ሰዓሊዎች እርሳሳቸውን እስኪቀርጹ አልቆዩም። በፖላንድ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በሰኔ 1989 ለተደረገው ምርጫ የሶሊዳርነት ማኅበር የለጠፈው ማስታወቂያ የሲኒማውን ተዋናይ ጋሪ ኩፐርን ያሳያል፤ በእጁ ግን ሽጉጥ ሳይሆን የምርጫ ወረቀት ይዟል። አንድ ባርኔጣ በአንዱ አገር የችኩል ሹም ስድብ፥ በሌላው አገር የነፃነት ተስፋ ሊሆን ችሏል።

እኛን ይልቁንም ያስገረመን ያ ባለ ባርኔጣ ሩዝቬልት ከእኛው ፈረሰኛ ጋር የተገናኙ መሆናቸው ነው። በ1896 ዓ.ም. የአሜሪካን መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ገብተው ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረሙ። በዚያ የተፈረመው ወረቀት እንግዲህ በካውቦዩና በአባ ዳኘው መካከል የተደረገ ነው ማለት ነው።

ዳኘው የምኒልክ ፈረስ ስም ነውና። አሜሪካኖች መሪያቸውን ለማጉላትም ለማሳነስም ባርኔጣ ሲደፉለት፥ እኛ መሪያችንን በፈረሱ ስም ጠርተነዋል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ኀይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ናቸው። ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባላሉ። በእኛም ወገን ደብረ ታቦር ላይ ሆነው አገር ያስተዳድሩ የነበሩት የየጁው ራስ ዐሊ አባ ቡላ፥ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፥ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አባ ጤና ነበሩ። ቡላና ሻንቆ ከፈረሱ መልክ የተነሡ ሲሆኑ፥ ታጠቅና ዳኘው ግን ትእዛዝና ፍርድ ናቸው። ፈረሱ ሲጠራ ጌታው ይፎክራል፤ ሰውዬው በስሙ ሊናገር የሚያፍረውን በፈረሱ ስም ያናግራል። የራስ መኰንን ፈረስ ስም ቃኘው እንደ ነበር ይታወቃል። ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦር ስሙን ከዚያ ወሰደ፤ አሥመራ የነበረው የአሜሪካን የራዲዮ ጣቢያም «ቃኘው» ተባለ። ስንት የቴክሳስ ልጅ በሐረርጌ ፈረስ ስም ሥር እንዳገለገለ እንግዲህ ገምቱት።

ሥዕላችንም እንዲሁ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ላይ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን የዐድዋን ጦርነት የሚያሳዩት ሥዕሎች ሰማዕቱን በሠራዊቱ በላይ በሰማይ ያስቀምጡታል፤ እቴጌ ጣይቱንም በብዙዎቹ ላይ በፈረስ ተቀምጠው ሽጉጥ ይዘው እናያቸዋለን። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በዘውዱ በዓል ዋዜማ በአዲስ አበባ የተመረቀው የምኒልክ ሐውልትም ፈረሱን በኋላ እግሮቹ አቁሞ ነው፤ ጣልያን አገሩን በያዘ ጊዜ ከቦታው ያነሣው ፋይዳው ገብቶት መሆን አለበት። ታዲያ ሰዓሊው መስደብ የፈለገ እንደ ሆነ ምን ያደርጋል? ዐይን ይነሣዋል። ቅዱሳንና ወዳጆች በሁለት ዐይናቸው ፊት ለፊት ሲያዩን፥ ሰይጣንና ጠላት በጎን ተሥሎ በአንድ ዐይን ብቻ ይቀራል። በዐድዋ ሥዕል ላይ የጣልያን ወታደሮች ብዙውን ጊዜ አንድ ዐይና ናቸው።

ይህን በተረዳን ቀን ብቻችንን ሳቅን። እኛ የጎን ፊት መሣል ስለማንችል አለቃችንን የሣልናቸው ፊት ለፊት፥ ከነሁለት ዐይናቸው፥ በፈረስ ላይ ነበር። ስለዚህ በአገራቸው የሥዕል ሕግ ያነበቡት ትክክለኛውን ነው፤ ተከብረው ነበር። ያዋረዳቸው ሥዕሉ አልነበረም። ትርጕሙ ነበር። ትርጕሙም የእኛ ነው።

«እረኛ» የሚለው ቃል ደግሞ በእኛ ዘንድ ከካውቦይ ይልቅ ሁለት ስለት አለው። ስለዚሁ ጉዳይ በግራና ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጋር ስንጫወት፥ «ልጄ፥ የጥንት ነገሥታት ማለዳ ተነሥተው እረኛ ምን አለ? ብለው ይጠይቁ ነበር» አሉን። እርግጥ ነው፤ ይህን ብዙ አንባቢም ሰምቶታል። እረኛ በሜዳ ሆኖ የሚያንጐራጕረው የመጪው ነገር ምልክት ነው ይባል ስለ ነበር፥ ባለሥልጣን ሁሉ ጆሮውን ወደዚያ ይጥላል። ጋዜጣ ባልነበረበት አገር የስላቅ ሥዕሉ ያ ነበር። የአሜሪካን ሰዓሊ መሪውን እረኛ ያደርገዋል፤ የእኛ ንጉሥ ግን እረኛውን ይፈራዋል። እኛ በዚያ ስብሰባ ላይ ሹሙ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ መልሱ በመስተዋቱ ሥር ነበር። በገመድ የተያዘው ባላገር ነበረ።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። በ2012 ዓ.ም. በአንድ የገበያ ቀን በግራና ዋና መንገድ ስናልፍ «ጋሼ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ዞር ስንል እርሱ ነው። ከስቷል፤ ፊቱ በፀሐይ ከስሏል። ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። የት እንደ ነበረ ስንጠይቀው ሳቀ፤ «ጋሼ፥ ካውቦይ ሆኜ ነዋ የከረምሁት!» አለን። በሳዑዲ በረሃ የሰው ግመልና ፍየል ሲጠብቅ ነበር። አሠሪው በመኪና ሆኖ መንጋውን ይከተላል፤ እርሱ ግን በእግሩ ነው። «ፈረስ አልሰጡኝም» አለ። የስምንት ወር ደመወዝ ቀርቶበት በመጨረሻ ተይዞ ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ ነገረን።

እኛ ለስድስት ዓመት በልባችን ያዘጋጀነውን ቃል ለመናገር ጉሮሯችንን ጠረግን። «ያን ሥዕል የሣልነው እኛ ነን» አልነው።

«አውቃለሁ» አለ፤ ሻዩን አማሰለ። «የተበላሹትን ሦስቱን ወረቀቶች ከቅርጫትዎ አውጥቼ ያቃጠልሁ እኔ ነኝ። ሲፈትሹ ያገኟቸዋል ብዬ ነው።»

ከስብሰባው በፊት ነውን ብለን ጠየቅነው። በፊት ነው አለ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርህም?»

«ብናገርስ፥» አለን፥ ድምፁን ሳያነሣ፥ «ቃለ ጉባኤውን የሚጽፉት እርስዎ አልነበሩም?»

የምንመልሰው አላገኘንም። የአንድ ወር ደመወዙን ያህል ገንዘብ ከኪሳችን አውጥተን በጠረጴዛው ላይ አኖርን። ቈጠረው። ያን ጊዜ የነበረውን ደመወዝ ልክ ወስዶ ትርፉን መለሰልን። ቀጥሎም፥ «ጋሼ፥ አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፤ ፈረስ አያውቁም» አለ። ሹሙ የተቀመጡበት ፈረስ የኋላ እግሩ እንደ ግመል እግር ወደ ፊት ታጥፎ እንደ ነበረ፥ በሰሌዳው ላይ ያየው ዕለት በዚህ ብቻ ሊስቅ ደርሶ እንደ ነበረ ነገረን። ብዕራችንን ጠየቀ። የሻይ ሒሳቡን ወረቀት ገልብጦ የፈረስ ዳሌ፥ ጭንና ሰኰና ሣለ፤ ቍርጭምጭሚቱ ወዴት እንደሚታጠፍ በጣቱ እየጠቆመ አሳየን። ሁለተኛውን እግር ሲጀምር የወልድያው መኪና ጥሩምባ ነፋና ብዕሩን መልሶልን ተነሣ።